የአቶ ፈረደ ዳይኖሰሮች

በየፎቁ አንድ የጎደለ ነገር እንቅልፍ የሚነሳው ሰው አይጠፋም። እስራኤል አገር ላለው ለእኛ የቂርያት ጋት ፎቅ የደረሱት አቶ ፈረደ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ከቺፕስ ከረጢት ውስጥ ዳይኖሰር የተቀረጸበት ሜዳልያ መውጣት ጀመረ። ሃያ ዓይነት ነው። ልጆቹ ሁለት ሳምንት ተሻምተውበት ተዉት። የሃምሳ ዓመቱ ክቡር አቶ ፈረደ ግን ፋብሪካ ቆመው ውለው ሲወጡ በቀጥታ ወደ ሱቅ ነው። ከረጢቱን ጆሯቸው ሥር አስጠግተው ያንቀጫቅጫሉ።

"ፈረደ፣ ዱቄት አደረግከው እኮ!" ይጮኻል ባለሱቁ ኦዴድ።

"ጎደሎ ነገር አልወድም" ይላሉ፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብለው።

ኡልፓን በሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ስድስት ወር ተምረው እምቢ ያላቸውን የዕብራይስጥ ንባብ ከሜዳልያው ጀርባ ከተጻፈው ለመዱት። "ጅራት"ን ከ"ዳቦ" በፊት ማንበብ የቻሉ ብቸኛው አዲስ ገቢ እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ባለቤታቸው ጌጥነሽ "ጎረቤት ምን ይላል?" ትላለች። ጎረቤቷ እኔ ነኝ፤ ብዙ ብያለሁ።

ዐሥራ ዘጠኝ ሞላ። የቀረው ባለ ረጅም አንገቱ እማማ ይታይሽ ቤት እንዳለ ሰሙና እኔን ጎትተው አራተኛ ፎቅ ወጡ።

"እሰጥሃለሁ፤ መጀመሪያ ይቺን አንብብልኝ ልጄ" አሉ እማማ፣ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው። እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ እስራኤል ያመጡን አውሮፕላኖች ከአዲስ አበባ ሲነሡ ልጃቸው ጌታዬ ለሥራ ጎጃም ሄዶ ስለነበር እዚያው ቀርቷል፤ እንዲመጣላቸው ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አመልክተው ነበር።

አቶ ፈረደ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። "ልጅዎ ለመሆኑ ማስረጃ ጎድሏል ይላል። ካልቀረበ ፋይሉ ይዘጋል። እማማ፣ ይህ ከተጻፈ አራት ወር ሆኖታል!"

"ማንን ላስነብብ? ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው።"

እማማ ሜዳልያውን ዘረጉላቸው። አቶ ፈረደ ዞር ብለውም አላዩትም። "ነገ ጠዋት ለብሰው ይጠብቁኝ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ፈረቃቸውን አስቀይረው፣ ሰባት ወር ሙሉ በየሐሙሱ እማማን ይዘው በአውቶቡስ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመላለሱ። ፎቶ ጎደለ ሲባሉ ፎቶ፣ ምስክር ጎደለ ሲባሉ ምስክር ይዘው ይቀርባሉ።

"ልጁ ለእርስዎ ምንዎ ነው?" አለቻቸው ጸሐፊዋ ሃጋር አንድ ቀን።

አቶ ፈረደ ትንሽ አሰቡ። "አላውቀውም" አሉ።

ጌታዬ በጸደይ መጣ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ እማማ በልጃቸው አንገት ላይ ተጠምጥመው ሲያለቅሱ፣ አቶ ፈረደ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ያን ሁሉ ጊዜ የሳቅኩባቸው እኔ ጠጋ ብዬ የልጁን ሻንጣ አነሣሁ። ከባድ ነበር። አቶ ፈረደ በሌላው ጫፍ ያዙልኝ፤ ተያይዘን ወጣን።