ልጅቱ ትሂድ፣ ሳጥኑ ይቅር

እኔ የምጠላው ነገር ብዙ አይደለም። ጨው የበዛበት ወጥ፣ ወሬ ጀምሮ «ቆይ መጣሁ» ብሎ የሚወጣ ሰው፣ ሦስተኛዋ ደግሞ «ተጨማሪ ያንብቡ» የምትለዋ ጽሑፍ። እናንተስ አትገጥማችሁም? ስለ ማዳበሪያ ወሬ ይጀምሩላችኋል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ተኩል እንዳነበባችሁ ቁርጥ! ቀሪውን ከፈለጋችሁ ተጫኑ ነው። ስትጫኑ ማስታወቂያው ይዘረገፋል፣ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ የሞላችሁት ካርድ ያልቃል። እንደኛ ወገዳን በመሰለች የገጠር ከተማ ተቀምጦ ይህን መቻል ጽድቅ ነው።

ከዚህ በሽታ የገላገለችን ትርንጎ ናት። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት፣ የጎረቤቴ የአያ ታደሰ ብቸኛ ሴት ልጅ። ቁንጽሏን ወሬ ይዞ ወደ ምንጩ የሚሄድ፣ ማስታወቂያውን እንደ ገለባ ለነፋስ ሰጥቶ ሙሉውን ጽሑፍ የሚያመጣ ፕሮግራም አለ አለችን። መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ሌሎች በነጻ የሚሰጡትን ነበር የምትጠቀመው። አንድ ቀን ባለቤቶቹ ዘጉት። የሰው ወርቅ አያደምቅ! ትርንጎ ግን ቁጭ ብላ አላዘነችም። አሮጌ ኮምፒውተር ገዝታ ፕሮግራሙን በራሷ ማሽን፣ በአባቷ እልፍኝ ተከለችው።

ስክሪን የለው፣ ምን የለው፤ ጥቁር ሳጥን ነው። ንጋት ላይ፣ ሰው ኔትወርኩን ሳይሻማበት ወሬውን ይሰበስባል፤ ቀኑን ሙሉ በዋይፋይ ያድላል። ካርድ አይበላ! የሰፈሩ ሰው ስልኩን ይዞ የአያ ታደሰን የድንጋይ አጥር ተደግፎ ማንበብ ጀመረ። ይህችን ልጅ ማድነቅ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ እስካሁንም አላቆምኩም።

አያ ታደሰ ራሳቸው ማንበብ አይችሉም። ከእርሻ ሲመለሱ እሷ ታነብላቸዋለች፤ ከአርእስቱ እስከ መጨረሻው። የዘለለች ከመሰላቸው፣ የቤተ ልሔም የድጓ መምህር ተማሪውን እንደሚያስደግም ሁሉ ያስመልሷታል።

ልጅ ደርሳ የለ? ሽማግሌ መጣ። ጠያቂው ልጅ የታች ጋይንት፣ የአርብ ገበያ ሰው ነው። ጨዋ ልጅ፤ ጥፋቱ አርብ ገበያ መኖሩ ብቻ። አያ ታደሰ «ታች ጋይንት ድረስ ልጄን!» እያሉ ሽማግሌዎቹን ሲያመላልሱ ቆዩና በመጨረሻ ቃላቸውን ሰጡ። ልጅቱ ትሂድ፣ ሳጥኑ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም አሉ። እኛ አጥር ተደጋፊዎቹ በልባችን እልል አልን። ትርንጎም ስቃ ተስማማች፤ በጥር ተዳረች።

ሠርጉ አለፈ፤ መልስ ግን የለም። ሙሽሮች ደግሞ መልስ ሳይጠሩ የአባት ደጅ እንዴት ይረግጣሉ? አያ ታደሰ «ጾሙ ይፈታ» አሉ። ጾሙ ተፈታ። «ማሳው ይታረስ» አሉ። ነገሩ ገብቶኛል፤ አኩርፈዋል። ሽማግሌ ሲያኮርፍስ ማን ሽማግሌ ይላክበታል?

ከፋሲካ በኋላ ሳጥኑ ታመመ። ትርንጎ ከሄደች ወዲህ የማንበቡ ተራ የኔ ነበርና ስልኬን ከፍቼ ጀመርኩ፦ «ይህን ገጽ ሲጠቀሙ በደንባችን እንደተስማሙ ይቆጠራል።» ቀጥሎ? ምንም። ሌላ ከፈትኩ፤ ያው ነው። ወሬ የምንቀዳበት ድረ ገጽ መልኩን ቀይሮ ኖሮ፣ ሳጥኑ ፍሬውን ጥሎ ገለባውን ማምጣት ይዟል። አያ ታደሰ ተቆጡ። «ማነው የተስማማው? ማን ሽማግሌ በተቀመጠበት?»

ነቅዬ ሰካሁት። አሁንም ተስማምተናል። ለትርንጎ ደወልኩላት። «እኔ እዚያ ካልመጣሁማ...» አለችኝ። እሷም እንደ ድረ ገጾቹ መሃል ላይ ቆረጠችብኝ።

አጥሩ ባዶ ሆነ። አያ ታደሰ እልፍኝ ሳጥኑ ፊት ቁጭ ብለው «ዝም አለ እኮ» ይሉኛል። ስለ ሳጥኑ ብቻ እንዳልሆነ ድምፃቸው ያስታውቃል፤ አንጀቴን በሉት። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ መልስ ይጥሩና ትጠግንልን ብሎ ለመናቸው። «ለሳጥኑ ስል ነው እንጂ!» አሉ። ለሳጥኑ ሲሉ በግ አረዱ። ለሳጥኑ ሲሉ ጠላ አስጠመቁ። ለሳጥኑ ሲሉ አዲስ ጋቢ ለበሱ።

ትርንጎ ከባሏ ጋር ገብታ ጉልበታቸውን ስትስም፣ አያ ታደሰ እንባቸው እንዳይታይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሂጂ፣ ሳጥኑን እይልኝ» አሏት። እኔም ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ጥበቧን ልይ ብዬ እልፍኝ ተከተልኳት። ሳጥኑን አልነካችውም። ስልኳን አውጥታ ጥቂት ነካካች። አንድ ብርጭቆ ጠላ እንኳ ሳይጠጣ፣ ከአጥሩ በኩል «መጣ! ሙሉው መጣ!» የሚል ጩኸት ሰማን።

«በስልክ ነው እንዴ የሚስተካከለው?» አልኳት።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ከአርብ ገበያም ሆነሽ?»

«ከአርብ ገበያም ሆኜ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ትጠብቂ ነበር?»

የቀሚሷን ጥለት አስተካከለች። «ተስተካክሎ ቢሆን ማን ይጠራኝ ነበር?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ወጥቼ ከአያ ታደሰ ጎን ተቀመጥኩ። ፊታቸው በርቷል። ምን ሆኖ ኖሯል ብለው ጠየቁኝ። እኔ፣ የቁንጽል ወሬ ጠላት፣ «ተጠግኗል» አልኳቸው።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ። ሙሉውን መስማት የለመዱ ሰው ናቸው።

«ከዚያማ ጠላው ጥሩ ነው» አልኩና ብርጭቆዬን አነሳሁ።