ሲሮጥ ያነሳኸው የለም?

አዲስ ካሜራ የገዛ ጎረቤት አለዎት? ከሌለዎት ፈጣሪዎን ያመስግኑ። የእኛው የኮልፌው ደረጀ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤታችንን የሁለት ዓመት ልጅ፣ ናቲን፣ ሜዳ አውጥቶ «ቁም! አንዴ ቁም!» እያለ ሲያሳድደው ይውል ነበር። ናቲ መቆም የሚባል ነገር መች ያውቃል? እየሳቀ ይሮጣል። ደረጀም እንደ ፈታኝ ፊቱን አጨፍግጎ «ተንቀሳቅሷል» ይልና ፎቶውን ያጠፋዋል።

ክረምት ላይ ናቲን የሳንባ ምች ወሰደው። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የሚሰቀል ፎቶ ሲፈለግ፣ ከደረጀ ካሜራ አንዲት ጥርት ያለች ተገኘች፤ ናቲ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ተኝቷል።

«ጥራቱን እዩልኝ» አለን ደረጀ። በለቅሶ ቤት!

እናትየው ፎቶውን ትክ ብላ አየችው።

«ደሬ፣ ተኝቶማ ዛሬም አይቼዋለሁ» አለች። «ሲሮጥ ያነሳኸው የለም?»