የባሕር ማዶው ቋሊማ

ከሰፈሩ ሥጋ ቤት የገዛውን “ከባሕር ማዶ የመጣ ነው” የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በጃንሆይ ዘመን ኮልፌ ስኖር ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ግድግዳ ተጋርቻለሁ።

ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ሁለት ወር የፈረንጅ ምግብ አሠራር ተማሩና እንጀራ ያንቃቸው ጀመር። የማኅበር ተራቸው ሲደርስ ሊጡን ቅቤ እየቀቡ አጠፉ፣ ዳመጡ፣ እንደገና አጠፉ፤ የተፈጨ የቋሊማ ሥጋ ጠቅልለውበት ፉርኖ ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ሲወጣ ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። መቼም ሙያቸው አይታማም።

እጃችንን ስንዘረጋ፣ የማኅበሩ ሽማግሌ አቶ ደስታ “ለመሆኑ ሥጋው የማን እርድ ነው?” አሉ።

“የምን እርድ! ቋሊማው ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ የመጣ ነው” አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ አንገታቸውን ሰበቅ አድርገው።

እጅ ሁሉ ተሰበሰበ። ክርስቲያን ያልባረከውን ሥጋ የማኅበር ሰው ይበላል እንዴ? “ከዚሁ ከማዞሪያው ሥጋ ቤት ነው” ቢሉ እኮ ያበቃ ነበር፤ ግን ሞት ይሻላቸዋል! እኔም ይሉኝታ ይዞኝ አላጋለጥኳቸውም። ጠዋት ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሲገዙ በዓይኔ አይቻቸዋለሁና፣ አራት ጥቅል ያለ ሐሳብ ዋጥኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበርተኛው ሁሉ ፊት ነሳኝ። ንስሐ እንድገባ መጀመሪያ የመከረኝ ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወይዘሮ አስካለ!