ደህና ከሆኑ አንድ

እኛ የመንዝ ሰዎች ስንጠየቅ ሁልጊዜ ደህና ነን። ቤታችን እየተቃጠለ እንኳ «እንዴት አደራችሁ» ላለን ሰው መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን፤ የእሳቱ ወሬ የሚነሳው የጠያቂው ልጆች፣ ከብቶቹና ገብሱ ደህና መሆናቸው ከተጣራ በኋላ ነው። ገና ከደጅ ሕመሟን የምትዘረግፍ ሴት ምን እንደምትባል እናንተም አታጡትም።

እኔን የደም ካንሰር ይዞኛል። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች፣ ኪኒኑን በየቀኑ ከዋጥሽ ከበሽታው ጋር እየኖርሽ ልጅሽን ታሳድጊያለሽ አሉኝ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ በየሰኞው በስልክ መልእክት ይጠይቁኛል፦ «ዛሬ እንዴት ነዎት? ደህና ከሆኑ 1፣ ትንሽ ካመመዎት 2፣ በጣም ካመመዎት 3 ብለው ይላኩ።» ከሦስተኛ ክፍል ባላልፍም ይህን ማንበብ አያቅተኝም። ኔትወርክ ያለው ከመንደሩ በላይ ጓሳ አፋፍ ላይ ነውና ልጄን አዝዬ እወጣለሁ። አገር ሁሉ አንቺ የሚለኝን ሴት ስልኩ አንቱ ይለኛል። እንዲህ አክብሮ ለጠየቀኝ ምን ብዬ ሦስት ልበል? አንድ እልክና እወርዳለሁ።

እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏል። ኪኒኑን በባዶ ሆዴ እየዋጥኩ መልሼ አወጣዋለሁ። የልጄን ጸጉር ስሠራ፣ ይህን ጸጉር ነገ ማን ይሠራው ይሆን እላለሁ። በጌ ብትታመም እኮ አፏን ፈልቅቄ ለእንስሳት ሐኪሙ አሳያለሁ። እኔ ግን ባበጠ እግር አቀበት የምወጣው ደህና ነኝ ለማለት ነው።

አንድ ሰኞ አፋፉ ላይ ሳለሁ ስልኩ ጠራ። አዲስ አበባ ካሉት ሐኪሞቼ ጋር የምትሠራ ነርስ ነበረች። ባለፈው ለምርመራ የሰጠሁት ደም በሽታው እንዳንሰራራ አሳይቷቸዋል።

«እንዴት ነሽ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እግርሽስ?»

«አብጧል።»

«ኪኒኑስ ተስማማሽ?»

«ያስመልሰኛል።»

ታዲያ ሁልጊዜ አንድ የምልከው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ሲስተር፣ ደህና ነሽ ወይ ላለኝ ሰው ሌላ ምን ይባላል?»

አልሳቀችም። አንድ የሚልክን ሰው የሚያየው ሐኪም የለም አለችኝ። ኪኒኑን እህል ከቀመስኩ በኋላ፣ በጾም ቀንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንድውጥ፣ ሐሙስ ደግሞ መኪና ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። ሦስትን ለመላክም ቃል አስገባችኝ፤ ሰው ስደቢ የተባልኩ ያህል ከበደኝ።

ልንሰነባበት ስንል ባለጌ እንዳልባል «እርስዎስ ደህና ነዎት?» አልኳት።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስ...» ስትል አላስጨረስኳትም።

«በቁጥር ይንገሩኝ፣ ሲስተር።»

«ሁለት» አለችኝ።