ባንታምላክ ክቡን መጋዝ አንሥተው የሽንት ቤቱን በር የቆረጡበት ዜና

በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ግንቦት፣ በሱዳን ምድር የሀዋታ ሰማይ ዝናብ ቋጥሮ አላወርድ ብሎ ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጥጦ በነበረ ጊዜ፣ ይኸውም ነፋስ ለሽንት ቤቱ በር ይሆን የነበረውን ሸራ ገንጥሎ ወደ ማሽላው እርሻ በወሰደ በዓመቱ፣ የጎንደር ተወላጅ፣ የሰሊጥ አጫጆች አለኝታ፣ የጥላ ሥር ወግ ባለቤት የሆኑት ገናናው ባንታምላክ ያደረጉትን እንጽፋለን፤ የሰማ ይደነቅ፣ ያልሰማ ጠይቆ ይስማ።

በሀዋታ ዳርቻ፣ ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ ሰዎች በአንድ ግቢ በሚኖሩበት ሰፈር፣ አንድ ሽንት ቤት ነበረ፤ ግድግዳ ነበረው፣ ጣሪያም ነበረው፣ በር ግን አልነበረውም። ሴት ወደዚያ ስትሄድ ሌላይቱ ነጠላዋን ዘርግታ ትቆምላት ነበር፤ የሚቆምላት ያጣችም ሽንቷን ይዛ ትውል ነበር። ኣደይ ቅዱሳን የሚባሉ የሑመራ እናት፣ ማንንም ላለማስቸገር ብለው፣ በዚያ ሐሩር ውኃ መጠጣት ተዉ፤ ሰንበትበት ብለውም ወገባቸውን ይዘው ወደቁ፤ ሐኪም ቤት ተወስደውም፣ ኩላሊትዎ ነው፣ ውኃ ይጠጡ ተብለው ተመለሱ።

ነገሩ ወንዶቹንም ከበዳቸው። የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ ሰፊ ጀላቢያ ለባሹ ዓባይነህ፣ በኒሙ ዛፍ ሥር ጉባኤ ጠሩ፤ ጉባኤውም በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት ወይስ ወደ ውጭ በሚለው ለሁለት ተከፈለ፤ ወደ ውስጥ ባዮችም ወደ ውጭ ባዮችን አኮረፉ፤ ለበሩ ተብሎ ከአሮጌ ሎሪ የተነቀለው ጣውላ ግን ግድግዳ ተደግፎ ምስጡን ይጠባበቅ ነበር።

ወእምዝ፣ ይኸውም ከዚህ በኋላ፣ ባንታምላክ ከጉባኤው መካከል ተነሥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስሙኝማ! ለአንዲት በር ይኸ ሁሉ ወሬ? እኔ አዘዞ እያለሁ ክቡን የኤሌክትሪክ መጋዝ በእጄ ይዤ ስንቱን ጣውላ እንደ ዱባ ከትፌዋለሁ! ምን ያደርጋል፣ እዚህ መጋዝ የለም እንጂ!» እውነት ለመናገር፣ ባንታምላክ በአዘዞው እንጨት ቤት ጣውላ ወደ ውስጥ፣ ሰጋቱራ ወደ ውጭ ይሸከሙ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከመጋዙ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለ ዋሉ፣ ዋሹ ብሎ መጻፍ ለዜና ጸሐፊ አይገባም።

መጋዝ የለም ያሉት ግን ሚስታቸውን ሸጊቱን ሳያማክሩ ነበር። እርሷ ለኣደይ ቅዱሳን ነጠላ ዘርግታ ስትቆም ክንዷ ዝሎባት ነበርና፣ አዋጁን እንደ ሰማች ወደ ገበያ ገሰገሰች፤ ከጎንደሬ እናት ገዳሪፍ የተወለደችውን፣ ከአባቷ የወረሰችውን የእንጨት ሥራ ቤት የምታስተዳድረውን ሲሃምንም ከነመጋዟና ከነጄኔሬተሯ በአህያ ጋሪ ይዛ ተመለሰች። በግቢው መካከል ቆማም አወጀች፦ «ባንቴ፣ የለም ያልከው መጋዝ ይኸውልህ! ኣደይ ቅዱሳን ዛሬ በር ካላዩ፣ ከነገ ጀምሮ ነጠላ ዘርግተህ የምትቆመው አንተ ነህ፤ ፊትህን አዙረህ!»

በዚያች ሰዓት ባንታምላክ ወደ ጋሪው ጠጋ አሉ። መጋዙን ቢያዩት ጥርሱ ሁሉ እሳቸውን የሚመለከት መሰላቸው፤ በልባቸውም ጣቶቻቸውን በየተራ ተሰናበቱ። ሲሃም ፊታቸውን አይታ ነገሩ ገባት፤ ነገር ግን ሰው ፊት ማዋረድ አልወደደችምና፣ ጋሪው ላይ ወጥታ ለሕዝቡ ሁሉ የምትናገር አስመስላ አወጀች፦

«ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ስሙ! ይኸ መንሻር፣ መጋዙ፣ የአባቴ ነው፣ ሕጉም የአባቴ ነው። ገመዱ ከኤሌክትሪኩ ሳይነቀል ስለቱን የሚነካ ሰው እኔ ጋ ሥራ የለውም። ስለቱ ከጣውላው በታች ብቅ የሚለው በጥርሱ ልክ ብቻ ነው፤ ትርፉ እግር ለመቁረጥ ካልሆነ ለምን ይሆናል? የስለቱ መከለያ ተስቦ ሲለቀቅ ራሱ ተመልሶ ካልተዘጋ ሥራ የለም፣ ኸላስ! በሁለት እጅ ይያዛል፤ ከመጋዙ ኋላ አይቆምም፣ በጎን ነው። ሰፊ እጅጌና ሻሽ ወዲያ፣ መነጽር ወዲህ! ከቆረጣችሁ በኋላም ስለቱ ዞሮ ዞሮ እስኪቆም መሬት አታስነኩት። ሹወያ ሹወያ፣ ቀስ እያላችሁ፤ ሽንት ቤቱ የትም አይሄድም።»

ይህን ሕግ ሌላው ሰው ሰማው፤ ባንታምላክ ግን ፈሩት፤ ስለ ፈሩትም አንዲት ነቁጥ አላጎደሉም። ገመዱን ነቅለው፣ ስለቱን ከጣውላው ጎን አስጠግተው ጥልቀቱን ልክ አደረጉ፤ መከለያውን ደጋግመው እየሳቡ ለቀቁት፣ እርሱም እየጮኸ ተመለሰ፤ ጣውላውን በመዳፋቸው ሲዳስሱ የሎሪውን ዝገታም ሚስማር አግኝተው በጉጠት ነቀሉት፤ ከዚያም በሁለት አግዳሚ ላይ አጋድመው በሞርሳ አስነከሱት፤ ተቆርጦ የሚወድቀው ጫፍ ግን ወደ ውጭ ነፃ ወጥቶ ቀረ። ይህንንም ሁሉ ሲያደርጉ ከፍርሃት ብዛት ይዘገዩ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ግርማ ነው ብሎ አደነቀ።

ዙሪያቸውንም ከበቧቸው፤ በስተቀኝ ወደ ውስጥ ባዮች፣ በስተግራ ወደ ውጭ ባዮች፣ ከኋላ ሻይ ሻጮችና ወደ ሊቢያ መንገድ የሚጠብቁ ጎረምሶች፣ ከሁሉም ኋላ ባለቤቷ ያልታወቀ ፍየል። ያን ጊዜ ዓባይነህ ትዕግሥታቸው አልቆ አወጁ፦ «ኧረ በቃ! ሙሽራ ነው እንዴ የምታስጌጠው? መከለያውን በእንጨት ወትፈህ ክፈተው፣ ከኋላው ቁምና ግፋ! ወንድ ልጅ በጉልበቱ ነው የሚቆርጥ!» ባንታምላክም የዓባይነህን ሰፊ እጅጌ አዩ፣ ስለቱን አዩ፣ አንድ እርምጃም ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ።

ከዚያም መነጽራቸውን አድርገው፣ ገመዱን ጄኔሬተሩ ላይ መልሰው ሰክተው ከትከሻቸው ኋላ አሳልፈው፣ ቁልፉን ተጫኑ። መጋዙ ጮኸ፤ ፍየሏ ሸሸች፤ ሰጋቱራው እንደ ሀቡብ ነፋስ አቧራ ተነሣ። ስለቱ ሙሉ ኃይሉን እስኪያገኝ ጠብቀው ወደ ጣውላው አስገቡት፤ ባሰመሩት መስመር ላይም ይሄድ ጀመር። ከግማሽ ሲያልፉ የጣውላው ጫፍ ወደ ታች ዘመም ቢል፣ አንድ ዓመት ሙሉ በር ላይ እጃቸውን ያላሳረፉት ሊቀ መንበር ለማገዝ ብለው ጫፉን ወደ ላይ አነሡት። ያን ጊዜ ቁርጡ ተጨመቀ፤ ስለቱ ተያዘ፤ መጋዙም እንደ በረገገ በቅሎ ወደ ኋላ ዘለለ።

ባንታምላክ ግን በጎን ቆመው ነበርና በዳሌያቸው አጠገብ አለፈ፤ በሁለት እጅ ይዘውት ነበርና አላመለጠም፤ ቁልፉን ለቀቁ፤ መከለያውም ጧ ብሎ ተዘጋ። ከኋላው ቁም የተባሉበትን ቦታ ዞረው አዩት። ሲሃም ፈጥና ገመዱን ነቀለች። ከዚያ ወዲያ በባንታምላክ ልብ የነበረው ፍርሃት ቁጣ ሆነ፤ በእግራቸውም አሸዋው ላይ መስመር አስምረው፣ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ጉራ የሌለበት አዋጅ አወጁ፦ «ዓባይነህ! እጅህን አንሣ! ጫፉ ይውደቅ፣ ተወው፣ ሊወድቅ ነው የሚቆረጠው! ከዚህ መስመር ወዲህ ሰው እንዳላይ! እኔ ልጆች አሉኝ!»

ሕዝቡም እስከ መስመሩ ተመለሰ፤ ወደ ውስጥ ባዮችና ወደ ውጭ ባዮችም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ አፈገፈጉ። ሲሃም ስለቱን አገላብጣ አይታ ደኅና ነው አለች፤ ገመዱ ተመልሶ ተሰካ፤ መጋዙም ዳግመኛ ጮኸ፤ ጫፉ የማንንም እርዳታ ሳይሻ ዱብ አለ። ስለቱ ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ባንታምላክ መጋዙን እንደ ታቦት አቅፈው ቆሙ፤ ሰው ሁሉ አብሯቸው ቆመ። የቀሩትም ጣውላዎች እንዲሁ ተቆረጡ፤ በሩ በማጠፊያ ተገጠመ፤ ውስጡ ጠባብ ነበርና ወደ ውጭ ተከፈተ፤ ኮሚቴውን የጠየቀ አልነበረም።

ኣደይ ቅዱሳንም ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፤ በሩን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ገቡ፤ መወርወሪያውም ከውስጥ ቀጭ አለ። ሸጊቱ ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ባንታምላክም አይተው አቀረቀሩ። ሕዝቡ ታላቅ ነገር እንዳየ ሁሉ በበሩ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ዓባይነህም ጉሮሯቸውን ጠርገው የምረቃ ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ፣ ከውስጥ የመጨረሻው አዋጅ ወጣ፦ «ኪዱ! ወደየቤታችሁ ሂዱ! ደጅ ቆሞ የሚጠብቅ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው!»

ሕዝቡም ተበተነ።

ስለዚህ፣ ፈርተው ያልሸሹት፣ በጎን ቆመው የዳኑት፣ ሊቀ መጋዝ ባንታምላክ ስማቸው ከኒሙ ዛፍ ከፍ ይበል፤ ሕጉን ያወረሰችው ሲሃም ትባረክ፤ ጉረኛውን ለሥራ ያበቃችው ሸጊቱ ትመስገን፤ የሰፈሩም ሴቶች መወርወሪያቸውን ከውስጥ እየቀረቀሩ በሰላም ይቀመጡ፤ ለዓለመ ዓለም፣ አሜን።