መንገድ ጠራጊው ወልዴ

እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ትከሻው የሰፋ ሰው ስታዩ «ይሄ ለመግፋት ነው የተፈጠረው» አትሉም? እኛ የየካ ቆሎ ተማሪዎች ብለናል። ከእንጦጦዎች ጋር የገና ጨዋታ በተጫወትን ቁጥር ወልዴ ዳር ዳሩን ይዞ ሰውን በትከሻው እየገፋ መንገድ ይጠርጋል፤ ጥንጓን እኔ በዱላዬ እመታታለሁ። እልልታው ለማን ነው? ለእኔ ነዋ!

ዘንድሮ ግን ጥንጓ ተንከባልላ ወልዴ እግር ሥር ቆመች። ፊት ለፊቱ ሜዳው ባዶ ነው። «ምታት እንጂ!» ብለን ጮኽን። እሱ ቆሞ ያያታል። እንጦጦዎች ነጥቀው ወሰዷት፤ ተሸነፍን።

«አንተ፣ ምን ነካህ?» ብዬ አፈጠጥኩበት።

ባዶ እጆቹን ዘረጋልኝ። «በምን ልምታት?»

ክው አልኩ። ለካስ ሦስት ገና ሙሉ ዱላ የሰጠው የለም! ወይ ጉዴ፣ ዱላውን ከጫካ ቆርጬ ለሁሉም የማድለው እኮ እኔ ነኝ።