ሙኒሳን ለመምታት የተጠራው አስቸኳይ ስብሰባ

የሰው ልጅ ብዙ ታላላቅ ጉባኤዎችን አካሂዷል። ከሁሉም የላቀው ግን ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በእኛ ሰፈር፣ በሊቀመንበር ቱርሱንባይ ግቢ፣ ከወይኑ ዳስ ሥር የተካሄደው ነው። አጀንዳው አንድ ነበር፤ የሰባት ዓመቷ ሙኒሳ ትመታ ወይስ አትመታ። እኔም የሰፈሩ ኮሚቴ አባል እንደመሆኔ ተገኝቻለሁ። ሥራዬ ሊቀመንበሩ እጃቸውን ሲያነሱ እጄን ማንሳት ነው፤ በዚህ በኩል እስካሁን አንድም ቅሬታ ቀርቦብኝ አያውቅም።

ሙኒሳ የሊቀመንበሩ የልጅ ልጅ ናት። ጥፋቷም ቀላል አይደለም። ማክሰኞ ዕለት ከወረዳ አንድ ትልቅ ሰው መጥተው ነበር። በእኛ አገር፣ በፈርጋና፣ ትልቅ እንግዳን ካባ ሳያለብሱ መሸኘት ነውር ስለሆነ፣ ሊቀመንበራችን አንድ ሰማያዊ ካባ ከሣጥን አውጥተው በገዛ እጃቸው ደረቡላቸው። ንግግርም አደረጉ። ካባው ለእንግዳው ብቻ ታስቦ በሰፈራችን እናቶች እጅ የተሰፋ መሆኑን ሲገልጹ ድምፃቸው በስሜት ተንቀጠቀጠ። እኛም አጨበጨብን። ይሄኔ ሙኒሳ ከፊት ብቅ አለች።

«አያቴ፣ ይሄን እኮ አምና እሳቸው ናቸው ለእርስዎ ያለበሱዎት! እጅጌው ላይ ያለው ሾርባ የእርስዎ ነው።»

እንግዳው እጅጌያቸውን ገልበጥ አድርገው አዩ። ሾርባው ነበረ።

ሌላ አያት ቢሆን ልጅቷን እዚያው በጥፊ ያጮላት ነበር። ሊቀመንበራችን ግን የግል ቂም የማያውቁ ሰው ናቸው። ነገሩን ከቤተሰብ ጉዳይነት ወደ ትውልድ ጉዳይነት አሳደጉትና ሁላችንን ጠሩን።

«የተከበራችሁ ጎረቤቶች!» አሉ ስብሰባውን ሲከፍቱ። «ሙኒሳ ለእኛ ምሳሌ እንጂ ዒላማ አይደለችም። ጥያቄው የነገው ትውልድ ወዴት እያመራ ነው የሚለው ነው።»

የነገው ትውልድ በዚያች ሰዓት ከእማማ ኖርቢቢ ጎን ተቀምጣ የሱፍ ፍሬ ትፈለፍል ነበር። እማማ ኖርቢቢ የሊቀመንበሩ እናት ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው አይሰማም ስለሚባል ስብሰባችን ላይ ቢቀመጡ የሚከፋው የለም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ማቭሉዳ እጇን አወጣች።

«ጋሼ ቱርሱንባይ፣ ዱላ እኮ ልጅን ያስፈራል እንጂ አያስተምርም። መዋሸት ነው የሚያለማምዳት። ደግሞ ልጅቷ የተናገረችው እውነት ነው።»

«እውነት አይደለም ያለ አለ? እውነት በመሆኑ አይደል እንዴ የተዋረድነው!»

«ታዲያ በምን ጥፋቷ ትመታለች?»

«እኛስ አልተመታንም? ተመትተን አድገን ምን ጎደለብን?»

«ምንም!» አልን በአንድ ድምፅ።

እውነትም ምንም አልጎደለብንም። ሦስታችን ከወንድሞቻችን ጋር ከተኮራረፍን ዓመታት አልፈዋል፤ ሁለታችን ከሚስቶቻችን ጋር የምንነጋገረው በሰው በኩል ነው፤ የቀረነው ደግሞ ጮክ ብሎ ለተናገረን ሁሉ እሺ እንላለን። ከዚህ በቀር ፍጹም ጤነኞች ነን።

ማቭሉዳ ነገር ማክረር ትወዳለች። «እሺ፣ ልጅ የሚመታው እስከ ስንት ዓመቱ ነው?» አለች።

«እስከ ስንት ዓመቱ?» ሊቀመንበሩ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ወላጅነት ጡረታ አለው እንዴ? ልጅ ጢሙ ቢሸብት፣ ሜዳሊያ ቢያንጠለጥል፣ ለወላጁ ያው ልጅ ነው!»

ጭብጨባው ዳሱን ሊያፈርሰው ደረሰ። ወዲያውም የሚከተለው ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፦ «ማንኛውም ወላጅ፣ የልጁ ዕድሜ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ልጁን ለማረም የመምታት መብቱ የተጠበቀ ነው።» ሻይ ተቀዳ። እኔም ለትውልድ አንድ ነገር ሠርቼ ማለፌን እያሰብኩ በመኩራት ላይ ሳለሁ፣ ከጥግ ድምፅ መጣ።

«ቱርሱን፣ እስቲ ና ወዲህ።»

«እናቴ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«ሰምቼዋለሁ ስብሰባህን። ና አልኩህ።»

መስማታቸው ራሱ ለኮሚቴው ዱብ ዕዳ ነበር። ሊቀመንበሩ ሄደው እናታቸው ፊት ቆሙ።

«ካባውን ከሣጥን ስታወጣ ‹የሰውዬው ነው፣ ተው› አላልኩህም?»

«ብለውኛል።»

«አንተስ ምን አልከኝ?»

«… ‹አያውቀውም› አልኩ።»

«እህ! ልጅ ሳለህ እኔ እጄን አንስቼብህ አላውቅም። ዱላው የአባትህ ነበር፤ እኔ እዚያ ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር። አሁን ግን ኮሚቴ ከወሰነ እኔ ማን ነኝ?» አሉና የጎማ ጫማቸውን አወለቁ። «ዙር።»

በጣም የገረመኝ መዞራቸው ነው። የስልሳ አንድ ዓመት ሰው፣ ሜዳሊያቸውን ደረታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ለምን እንኳ ሳይሉ ዞሩ። የጫማው ጧታ ከዳሱ ላይ ድንቢጦቹን አስነሳቸው። ሊቀመንበሩ «ድረሱልኝ» በሚል ዓይን አዩን። እኛ ደግሞ የሻይ ስኒያችንን አየን፤ በሙሉ ድምፅ ያጸደቅነውን ሕግ እንዴት እንጥሳለን?

«አስቸኳይ ማሻሻያ!» ብለው ጮኹ ሊቀመንበሩ።

ከዚያም የተመታውን ቦታ እያሻሹ ጥልቅ ማብራሪያ ሰጡን። መምታት ያማል። ክብርን ይነካል። የተመታ ሰው የሚያስበው ስለ ጥፋቱ ሳይሆን ስለ ጫማው ነው።

«እኔ ያልኩት ምን ነበር ታዲያ?» አለች ማቭሉዳ።

«አንቺ አንብበሽው ነው። እኔ በመስክ ጥናት አረጋግጬዋለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሙኒሳ የተረፈች መስሎኝ ነበር። ማሻሻያው ግን እንዲህ ይላል፦ «መምታት በሰው አካልና ክብር ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሆኖ ስለተገኘ፣ ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆነን ሰው መምታት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።»

«ከአሥራ ስምንት በታች ያሉትስ?» አለች ማቭሉዳ።

«እነሱማ ገና ሰው በመሆን ላይ ናቸው። ክብር ቀስ እያለ ነው የሚመጣው።»

ይህም በሙሉ ድምፅ አለፈ። እማማ ኖርቢቢ ጫማቸውን እያጠለቁ፣ «እናንተን መምታት ትርፉ ድካም ነው» አሉ።

«ዛፋር!» አሉ ሊቀመንበሩ። «ውሳኔውን አስፈጽም።»

ዛፋር የሊቀመንበሩ ልጅ፣ የሙኒሳ አባት ነው። ልጁን መትቷት አያውቅም፤ አባቱንም እምቢ ብሎ አያውቅም። ተነሳ። ሙኒሳን ጠራት፤ የሱፍ ፍሬውን ከቀሚሷ ላይ አራግፋ መጣች። እሱም እጁን ከፍ አድርጎ አነሳ።

ያኔ የሆነውን ማንም አላዘዘንም። ሁላችንም፣ ነጫጭ ጢማሞቹ ሳይቀሩ፣ ሊቀመንበሩም ጭምር፣ እኩል ጎንበስ ብለን ጭንቅላታችንን በሁለት እጃችን ከለልን። ከመካከላችን አንዱ «አባዬ፣ ሁለተኛ አልደግምም» ሲል ሰማሁ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም።

ቀጥ ብላ የቆመችው ሙኒሳ ብቻ ናት። ተመትታ ስለማታውቅ፣ የተነሳ እጅ ሌላ ምን እንደሚሠራ አታውቅም። ከሰዓቱን ሙሉ እጅ ሲነሳ ያየችው ለውሳኔ ነው። ስለዚህ እሷም እጇን አነሳች።

«አባዬ፣ ምን እየወሰንን ነው?»

ዛፋር እሷን አየ። ከዚያ ያጎነበስነውን አንድ በአንድ አየን።

«ከዚህ እንድንሄድ» አላት።

«እኔ ደግፌያለሁ» አለች።

በሁለት ድምፅ አለፈ። የተቃወመ አልነበረም፤ የእኛ እጆች ሁሉ ጭንቅላታችን ላይ ነበሩ።